«የጣሊያን ካርታ ይውጣ!»፦ የድሮ የአየር ፎቶ በመሬት ክርክር ምን ይመሰክራል?

ሁለት ቀበሌዎች በግጦሽ መሬት ሲጣሉ፣ ወይም ሁለት አዋሳኝ ገበሬዎች «ድንበር ተገፋ» ብለው ሽማግሌ ፊት ሲቆሙ፣ አንዱ ብድግ ብሎ «የጣሊያን ካርታ ይውጣ!» ማለቱ የተለመደ ነው። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጥቁርና ነጭ የአየር ፎቶ ይለጠፋል። አንዱ «ያኔ አገሩ ሁሉ ደን ነበር» ይላል። ሌላው ያንኑ ፎቶ ይዞ «ይኸው ወሰናችን» ይላል።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህ የትርፍ ጊዜ ወሬ ብቻ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ የሚሠራው በአየር ወይም በሳተላይት ፎቶ ላይ ነው። ባለሙያው የታተመ ፎቶ ይዞ ማሳው ላይ ይቆማል። ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ባሉበት መስመሩ ይሰመራል። የዛሬው ፎቶ የይዞታ ሥራ ውስጥ ከገባ፣ የድሮውስ ለምን አይገባም? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ቀጥ ያለ አይደለም።

ለአንባቢ ምቾት ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ የፈረንጅ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» እላለሁ። የድሮ ፎቶዎችን የሚያገላብጥ ሰውም ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው። ጣሊያኖቹ ቀኑን የመዘገቡት በራሳቸው አቆጣጠር ነው። እንደ እኛ አድርጎ ያነበበው ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል።

ፎቶ ሌላ፣ ካርታ ሌላ

የአየር ፎቶ ማለት ካሜራው በከፈተባት ቅጽበት መሬቱ ላይ የነበረውን ነገር የያዘ ምስል ነው። ዛፍ፣ ጎጆ፣ በረት፣ አውድማ፣ የእግር መንገድ፣ ቦረቦር ሁሉ ይታያል። ስም የለበትም፤ የወሰን መስመርም የለበትም።

ካርታ ግን ሰው መርጦ የሚሠራው ነገር ነው። ካርታ ሠሪው የትኛውን መንደር እንደሚጽፍ፣ የትኛውን እንደሚተው፣ መስመሩን የት እንደሚያሰምር ይወስናል። በሁለቱ መካከል ፎቶግራሜትሪ የሚባል ሙያ አለ። ከተደራረቡ ፎቶዎች ርቀትን፣ ከፍታንና ቅርጽን የመለካት ሥራ ነው። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እየበረ ሲያነሳ አንዱ ፎቶ ቀጣዩን ከግማሽ በላይ እንዲደርብ ይደረጋል። ያው ቦታ ከሁለት ማዕዘን ስለሚታይ፣ ስቴሪዮስኮፕ በሚባለው ባለ ሁለት መነጽር መሣሪያ ሲያዩት ገደሉ ገደል፣ ጉብታው ጉብታ ሆኖ ብቅ ይላል።

ሦስተኛው ነገር የባለቤትነት ማስረጃ ነው። እሱ ከፎቶም ከካርታም አይወለድም። የሚወለደው ከሕግና ከስምምነት ነው። የክርክሩ ግማሽ የሚነሣው እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ከመጨፍለቅ ነው።

ከልጥ ማረፊያ እስከ አውሮፕላን

ሰሜን ሸዋን የውጭ ሰው መለካትና መመዝገብ የጀመረው ከአውሮፕላን በፊት ነው። በ1833 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። ዋና ዓላማው የንግድ ውል ቢሆንም መንገዱን፣ ከፍታውን፣ ወንዙን መመዝገብ የሥራው አካል ነበር።

በ1869 ደግሞ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር የላከው የማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ቡድን መጣ። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያን ሰጧቸው። ጣቢያው የሳይንስ ጣቢያ ተባለ። ወፍና ነፍሳት ተሰበሰቡ፣ የአየር ጠባይ ተመዘገበ፣ መንገድ ተጠና። አንቲኖሪ በ1874 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ሳይንሱ እውነተኛ ነበር። ጣቢያው ግን ለጣሊያን ፖለቲካም መግቢያ በር ሆኖ አገልግሏል። ሁለቱን መነጣጠል ይከብዳል፤ የቅኝ ግዛት ዘመን መዛግብት ጠባይ ይኸው ነው።

በ1928 ወረራው ሲጀመር ካሜራው አውሮፕላን ላይ ወጣ። ፎቶውን ወደ ካርታ የመለወጥ ልምድ የነበረው ፍሎረንስ የሚገኘው የጣሊያን ጦር ጂኦግራፊ ተቋም ነው። የጦሩ ችግር ቀላል ነበር። የሚዋጋበትን አገር አያውቀውም። በረራዎቹም የተከተሉት የጦርነቱንና የመንገድ ሥራውን ፍላጎት ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ወጥ አይደለም። አንዱ ወረዳ ደጋግሞ ተነሥቶ ሌላው ሊዘለል ይችላል። «ጣሊያን አገሩን አንድ ሳይቀር አንስቶታል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም።

አዲስ አበባ የተገኙት ሰሌዳዎች

ብዙ ሰው እነዚህ ፎቶዎች ሮም ወይም ፍሎረንስ ተቆልፎባቸው ያሉ ይመስለዋል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ትልቅ ክምችት የተገኘው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ያኔ የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ኤጀንሲ ይባል በነበረው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፈር ያን ኒሰን፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቹ ጋር አጥንቶ ለምርምር ዓለም አስተዋወቀው።

የተገኘው 8,281 ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ 50 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ ጣውላ መሰል ካርቶን ነው። ላዩ ላይ አንድ መለያ ወረቀትና አራት ፎቶዎች ተለጥፈዋል። አንዱ ቀጥታ ወደ ታች የተነሣ ነው። ሁለቱ ግራና ቀኝ በመጠኑ አጋድለው የተነሡ ናቸው። አራተኛው በጣም አጋድሎ ሩቁን የሚያሳይ ነው። ተደምሮ ከ33 ሺህ ፎቶ በላይ ማለት ነው። ፎቶዎቹ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ውስጥ የተነሡ ናቸው።

ያጋደሉት ፎቶዎች ለዘመናት ራስ ምታት ነበሩ። በድሮ መሣሪያ እነሱን አስተካክሎ ለመለካት ትዕግሥት አይበቃም። አሁን ግን ኮምፒውተሩ በተደራረቡ ፎቶዎች ላይ አንድ ዓይነት ነጥቦችን ራሱ ይፈልጋል። ካሜራው የት እንደነበረም መልሶ ያሰላል። በዚህ ዘዴ የጌንቱ ቡድን ከትግራይ ፎቶዎች የ1928ን መልክዓ ምድር የሚያሳይ የተስተካከለ ምስል ሠርቷል። እንዲህ ያለው ምስል ኦርቶፎቶ ይባላል። መዛባቱ ተነቅሎለት እንደ ካርታ ርቀት የሚለካበት ፎቶ ማለት ነው። ለይዞታ ማረጋገጫ የሚያገለግለውም የዚሁ ዓይነት ነው።

ጣርማበር ላይ ፎቶ ለምን ያሳስታል?

ያልተስተካከለ ፎቶ ላይ ማስመሪያ አድርጎ መሬት መለካት በሰሜን ሸዋ በተለይ አደገኛ ነው። ምክንያቱ ገደሉ ነው።

አውሮፕላን ከባሕር ወለል በላይ 5,000 ሜትር ላይ ይበራል እንበል። የጣርማበር አናት 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ መሬቱ ከካሜራው የሚርቀው 1,800 ሜትር ብቻ ነው። ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እሷ ከካሜራው 3,700 ሜትር ትርቃለች። ርቀቱ ከእጥፍ በለጠ ማለት ነው። ያው አንድ ጥማድ መሬት ከታች ሲነሣ ርዝመቱና ወርዱ በግማሽ ይቀንሳል። ስፋቱ ደግሞ ላይኛው ላይ ከሚታየው ሩብ ይሆናል። አንዱ ተወስዶበት አይደለም፤ ካሜራው ስለራቀ ነው።

ሌላም አለ። ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ከፎቶው መሐል ወደ ውጭ ያጋድላል። የማፉድ ገደል ጫፍ በአንዱ ፎቶ ወደ ምሥራቅ፣ በቀጣዩ ወደ ምዕራብ የዞረ ሊመስል ይችላል። የጠርዙ ወሰን ላይ ክርክር ካለ፣ ሁለቱም ወገን እያንዳንዳቸውን የሚደግፍ ፎቶ ከዚያው በረራ መምረጥ ይችላሉ። ፌስቡክ ላይ ተቆርጦ የሚለጠፍ ፎቶ ደግሞ መለያው የለ፣ ጎረቤት ፎቶው የለ። ምኑ ይለካል?

«ያኔ ሁሉ ደን ነበር»

ፎቶዎቹ የተሻለ የሚመሰክሩት ስለ መሬቱ ጤና ነው። እዚህ ላይ ክርክሩ የጦፈ ነው።

ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን ተሸፍኖ ነበር የሚለውን አባባል ያልሰማ ተማሪ የለም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ግን የዚህን ቁጥር ምንጭ ተከታትሎ በልኬት ላይ የቆመ እንዳልሆነ ተከራክሯል። ማካን በቅርብ ካጠናቸው አካባቢዎች አንዱ አንኮበር ነው። ትግራይ ላይ የተሠሩት የፎቶ ጥናቶችም ቀላሉን ትረካ ያናጋሉ። አገሩ በ1920ዎቹ መጨረሻ ቀድሞውኑ የተጎዳ ነበር። ኋላ ላይ በብዙ ቦታ ዛፉ ጨምሯል።

ሰሜን ሸዋም የራሱ ጥናት አለው። ሃልቮር ቮየን የተባለ ተመራማሪ የማፉድን ገደል እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1986 በተነሡ የአየር ፎቶዎች አወዳድሯል። የእንጨት ሽፋኑን ከገበሬው ግቢ አሰፋፈር ጋር አያይዞ ነው ያየው። ይህ ቁም ነገር ያለው አካሄድ ነው። «ዛፍ ቀነሰ ወይስ ጨመረ» ብቻ ሳይሆን «የት ቀነሰ፣ ከማን ደጅ ጨመረ» ብሎ ይጠይቃልና።

በተቃራኒው ያሉት ተመራማሪዎችም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የአፈር መሸርሸሩ እውነት ነው፤ ተለክቷል። የዛፍ መጨመርም ሁልጊዜ የደን መመለስ አይደለም። ደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚታየው አረንጓዴ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ከላይ ሲታይ ጥቁር ነጥብ የሆነ ሁሉ እንደ ወፍ ዋሻ ጥድ አይቆጠርም።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የወቅት ጉዳይ ነው። የአየር ፎቶ የሚፈልገው ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ስለዚህ በብዛት የሚነሣው በበጋ ነው። በጥር የተነሣ የመንዝ ማሳ ራቁቱን ነው። የተተወ መሬት ይመስላል። ገበሬው ግን በልግ እየጠበቀ ነው፤ ገብሱን የሚዘራው ከዚያ በኋላ ነው። ደጋው ላይ ደግሞ ገበሬው ጓሉን ከምሮ የሚያቃጥልበት ልማድ አለ። ማሳው ከላይ ሲታይ በነጠብጣብ የተሞላ ይመስላል። አገሩን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ሊተረጉመው እንደሚችል አስቡት። ፎቶ ለማንበብ ሶፍትዌር ብቻ አይበቃም። ያገሩን የእርሻ ቀን መቁጠሪያ የሚያውቅ ሽማግሌ አጠገቡ መቀመጥ አለበት።

ወሰኑስ?

«የጣሊያን ካርታ ላይ ወሰናችን እዚህ ነው» ለሚለው፣ ከታሪኩ አንድ ነገር ብቻ ማስታወስ ይበቃል። ጣሊያን በ1928 ግዛቱን ሲከፋፍል አዲስ አበባን ለብቻዋ አስተዳደር አደረጋት። በ1931 መጀመሪያ ላይ ደግሞ አስፍቶ «ሸዋ» አላት። በአምስት ዓመት ቆይታው የራሱን መስመር ራሱ አንስቶ ሌላ ቦታ ተከለ። ለአስተዳደር አመቺነት የተሰመረ መስመር ነው እንጂ የሕዝብ አሰፋፈር ምስክር አይደለም። የዛሬው የአማራም የኦሮሚያም ሰሜን ሸዋ ዞን ያኔ አልነበሩም።

የግለሰብ ይዞታማ ከዚህም ይርቃል። በዚያ ዘመን መንዝና ተጉለት የርስት አገር ነበር። አንድ ማሳ ላይ የብዙ ዘመዳሞች መብት ሊደራረብ ይችላል። ይህን ካሜራ አያየውም። ቀጥሎ የ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። በ1989 ደግሞ በአማራ ክልል ሽግሽግ ተደረገ። በመካከል ይህ ሁሉ እያለ የ1930 ፎቶ ይዞ «ይህ የአያቴ ማሳ ነው» ማለት ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ የይዞታ መብት ግን አይሆንም። አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር የሚሰጠው ዛሬ በሕግ ለያዘው ነው።

የወል መሬት ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የመንዝ ጓሳን ውሰዱ። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ማኅበረሰቡ ሣሩን ለዘመናት ጠብቆታል። ዘግቶ ያቆየዋል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፍተዋል፣ የጣሰውን ይቀጣል። የድሮ ፎቶ የጓሳው ሣር እስከ የት ድረስ እንደነበረ፣ እርሻው ከየት ጀምሮ እንደገባበት ሊያሳይ ይችላል። ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። ማን እንደጠበቀው፣ በምን ደንብ እንደተከፈተ ግን ከሰው አፍ እንጂ ከፎቶ አይገኝም።

ፎቶና መብት እንዴት እንደሚለያዩ ጥሩ አድርጎ የሚያሳየው የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ጉዳይ ነው። ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 ሲወስን የተመረኮዘው እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1902 እና በ1908 በተፈረሙት የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች ላይ ነው። የአየር ፎቶ የመጣው ኋላ፣ ውሉ የሚለውን ነጥብ መሬት ላይ ለመፈለግ ነው። ፎቶው መሣሪያ ነበር፤ መብቱን የሰጠው ፊርማው ነው። በሁለት ቀበሌ መካከል ባለ የግጦሽ ጠብ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ የተፈረመ ውል አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ካሜራ ያላየው ዋሻ

የቅኝ ገዥ መዝገብ ምን ያህል እንደሚጠቅምና ምን ያህል እንደሚጎድል ለማየት የዘረት ዋሻ እልቂት ይበቃል። በሚያዝያ 1931 የጣሊያን ጦር በሰሜን ሸዋ፣ አመጸኛ ዋሻ በሚባለው ቦታ የተጠለሉ አርበኞችንና ቤተሰቦቻቸውን ከበበ። የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ፤ ብዙ ሰው ፈጀ። ከላይ ቀጥታ የሚነሣ ፎቶ የዋሻ አፍ አያሳይም። አርበኛው ዋሻ የመረጠውም በከንቱ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጣሊያናዊው ታሪክ ተመራማሪ ማቴኦ ዶሚኒዮኒ ሮም ባለው የጦሩ መዝገብ ቤት ውስጥ ስለ ከበባው የተጻፉ ሰነዶችን ይዞ ወደ ቦታው መጣ። ከዚያ አርኪዮሎጂስቶች ተከተሉ፤ ዋሻው ውስጥ የቀረውን የቤት ዕቃና ቅሪት አጠኑ። ያገሬው ሰው ቦታውንም የሆነውንም ያውቅ ነበር። የጠፋው ከጽሑፍ ታሪኩ ነው። ጋዙን ማን እንዳዘዘ የሚናገረው የገዳዩ ወረቀት ነው። ማን እንደሞተ የሚናገረው ያገሩ ትዝታ ነው። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። የጦሩ ሪፖርት ብቻውን ቢታመን ውስጥ የነበሩት ሁሉ «ሽፍታ» ሆነው ይቀሩ ነበር።

መዝገቡ የማን ነው?

አንዱ ወገን «በእኛ ላይ የተሠራ ሁሉ የእኛ ነው፤ ይመለስ» ይላል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. የ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል ነው። አንቀጽ 37 ጣሊያን ከመስከረም 1928 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ፣ የሃይማኖት ዕቃና መዛግብት በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዛል። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው እንኳ በ1997 ነው። ችግሩ ውሉ የሚናገረው ከዚህ ተወስዶ ስለሄደ ዕቃ መሆኑ ነው። ጣሊያን ራሱ አንስቶ ራሱ ያጠበው ፎቶ በዚህ ውስጥ መግባቱ አከራካሪ ነው።

ሌላው ወገን «ዋናው የት እንዳለ አይደለም፤ ቅጂው ለሁሉም ክፍት ይሁን» ይላል። እንግሊዞች ከ1938 ጀምሮ የቅኝ ግዛቶቻቸውን ካርታ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ነበራቸው። ያነሣቸው በጣም ብዙ የአፍሪካ ፎቶዎች ዛሬ ስኮትላንድ ኤዲንብራ ነው ያሉት። ብዙ የአፍሪካ አገር የራሱን የድሮ መልክ ለማየት እዚያ መጠየቅ አለበት። የእኛ ዕድል ከዚህ የተሻለ ነው። ትልቁ ክምችት እጃችን ላይ ነው። ያለበት ተቋምም ስሙ ተለዋውጦ ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆኗል።

ሦስተኛው ወገን ጥንቃቄ ያበዛል። ካርታ የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ እንዲሁ ቢለቀቅ ጠብ ያባብሳል ይላል። ይህን ስጋት እንደ ሰበብ ብቻ ማየት አይገባም። ነገር ግን ዛሬ ማንም በስልኩ የአገሩን ሳተላይት ምስል ይከፍታል። የ85 ዓመት ፎቶ መደበቅ የሚያተርፈው ብዙም አይታየኝም። እንዲያውም ሙሉው ሲደበቅ ነው የተቆረጠው ጉልበት የሚያገኘው። ሙሉው በረራ ከነመለያው፣ ከነጎረቤት ፎቶዎቹ ሲታይ ማጭበርበር ይከብዳል።

ቀጥሎ ምን ይደረግ?

ሥራው ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ለዞኑ የሚመለከቱትን ሰሌዳዎች ከማውጫው መለየት፣ በጥሩ ጥራት ስካን ማድረግ፣ መለያውን በሁለቱም አቆጣጠር መመዝገብ፣ ከዚያ ዛሬም ካሉ ነገሮች ጋር ማጣጣም ነው። ለማጣጣሚያ የሚሆን ነገር ሰሜን ሸዋ አያጣም። ያረጁ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በጣሊያን ዘመን የተሠራው የጣርማበር መንገድም አለ። ቀጥሎ የ1950ዎቹንና የ1970ዎቹን ፎቶዎች መደርደር ነው። የዲጂታል ቅጂው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቢቀመጥ ተማሪው አዲስ አበባ ድረስ ደብዳቤ ይዞ አይንከራተትም።

ለመጀመሪያ ሙከራ የሚሆን ቦታም አለ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ አንዲት ጥድ የሚባል ቦታ ላይ፣ በስዊዝ ተመራማሪዎች ድጋፍ በ1970ዎቹ የተከፈተ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አለ። ዝናቡን፣ ጎርፉን፣ የሚታጠበውን አፈር ሲለካ ኖሯል። ልኬቱ ግን የሚጀምረው መሬቱ ከተጎዳ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቦረቦሩ እስከ የት ደርሶ እንደነበር፣ ካቡ የትኛው ዳገት ላይ እንደነበረ፣ የትኛው ተዳፋት ገና እንዳልታረሰ ከአየር ፎቶዎቹ ማንበብ ይቻላል። ለእርከን ሥራ በየዓመቱ የሚወጣው የገበሬ ጉልበት የት ላይ እንደሠራ፣ የት ላይ እንደባከነ ለማወቅም መነሻው ይኸው ነው።